ከአቃቂ አኻያ የተሠሩ ባቶች

ጡረታ የወጣሁ ዕለት የፋብሪካው ሰዎች ምሳ ጋበዙኝ፤ ጋቢ አለበሱኝ፤ ከዚያ ማይክ አቀብለው «ጋሽ ኃይሉ፣ እስቲ ከሥራ ዘመንዎ አንድ ትዝታ ያካፍሉን» አሉኝ። ተነስቼ «እግዜር ይስጥልኝ፣ እናንተንም ለዚህ ያብቃችሁ» ብዬ ተቀመጥኩ። ሰዉ አጨበጨበ፤ ግን ቅር እንዳለው ያስታውቅ ነበር። ባለቤቴ ወደ ቤት ስንመለስ ሰርቪሱ ውስጥ «ይኼን ሁሉ ዓመት ሠርተህ የምትለው ይኼ ብቻ ነው?» አለችኝ። ይኼን የምጽፈው ለሷ መልስ እንዲሆን ነው።

የሥራ መደቤ ከመጀመሪያው ቀን እስከ መጨረሻው «አናጢ» ይላል። አናጢ አንድ፣ አናጢ ሁለት፣ አናጢ ሦስት እያለ ቁጥሩ ወጣ እንጂ ስሙ አልተለወጠም። ደመወዙም እንደ ስሙ ነበር። በማኅደሬ ውስጥ በርና መስኮት፣ ሳጥንና መደርደሪያ ሁሉ ተመዝግቦልኛል። ያልተመዘገበው አንድ ሥራ ነው፤ የክሪኬት ባት መሥራት። አቃቂ ውስጥ የክሪኬት ባት የሚሠራ ሌላ ሰው ስለመኖሩ ሰምቼ አላውቅም።

ሥራ የጀመርኩት አቃቂ፣ ከአንድ ትልቅ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የእንጨት ክፍል ነው። በዚያን ጊዜ የሽመና ማሽን ብዙ አካሉ እንጨት ነበር። ክሩን ተሸክሞ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ የሚበረው መወርወሪያ እንጨት ነው፤ መወርወሪያውን ከዳር እየመታ የሚያስፈነጥረው ዱላም እንጨት ነው። ይኼ ዱላ ቀኑን ሙሉ ያለ ዕረፍት ይመታል፤ ስለዚህ ይሰበራል። የተሰበረውን መተካት የኛ ሥራ ነበር።

የክፍሉ ኃላፊ ጋሽ ወልዴ ይባላሉ። ሙያውን የተማሩት ከባቡር ጥገና ነው። ቁመታቸው አጭር፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ሰው ነበሩ። በመናገር አያስተምሩም። የተሰበረ ዱላ ሲመጣ ወዲያው አዲስ እንድንቆርጥ አይፈቅዱልንም። ስብራቱን በጣታቸው ይዳስሱና «ማሽኑ የት ነው?» ይላሉ። ሽመና አዳራሽ ገብተው እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ሩብ ሰዓት ያህል ይቆማሉ። በዚያ ጩኸት ውስጥ ሰው ሰውን አይሰማም፤ እሳቸው ግን ቆመው ያያሉ። ሲመለሱ «ከጫፉ ሁለት ጣት ከፍ ብሎ ነው የሚመታው። እዚያ ጋ ሥጋ ጨምርለት» ይሉኛል። በሳቸው ቋንቋ የእንጨት ውፍረት «ሥጋ» ነው።

ሌላው ልማዳቸው ጠመኔ ነበር። ለመድረቅ የተደረደረ እያንዳንዱ እንጨት ጫፉ ላይ የተቆረጠበት ቀን ይጻፍበታል። ቀኑ ያልሞላ እንጨት ያነሳ ሠራተኛ አይሰደብም፣ አይቆጡትም፤ ያን ቀን ሙሉ ሰጋቱራ ሲጠርግ ይውላል። እኔ በመጀመሪያው ዓመት አራት ጊዜ ጠርጌአለሁ።

ሥራ በጀመርኩ በሦስተኛው ዓመት ሚስተር ናይር የሚባሉ ሕንዳዊ የሽመና ጥገና አለቃ ሆነው መጡ። ቀጭን፣ ጸጉራቸውን በዘይት የሚያስተኙ፣ ሰዓት አክባሪ ሰው ነበሩ። አማርኛን ከፈትል ክፍል ሴቶች ስለተማሩት ሁሉን ሰው «አንቺ» ይላሉ። አንድ ቀን በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ይዘው ወደ ክፍላችን ገቡ።

«ወልዴ፣ ይሄን ታድሽልኛለሽ?» አሏቸው ጋሽ ወልዴን።

እኛ ሳቃችንን ዋጥን። ጋሽ ወልዴ ፊታቸው ላይ ምንም ሳይታይ ጋዜጣውን ፈቱት። በአንድ በኩል ጠፍጣፋ፣ በሌላው በኩል እንደ ዓሣ ጀርባ ያበጠ፣ እጀታው በጎማ የተሸፈነ እንጨት ነበር። ጠርዙ ተሰንጥቋል።

«ምንድን ነው?»

«ባት። ክሪኬት።»

ጋሽ ወልዴ ስንጥቁን ዳሰሱት። «መጀመሪያ ሲሠራ ልየው» አሉ።

ሚስተር ናይር ደስ አላቸው። እሑድ ከፋብሪካው ጀርባ፣ ወደ ወንዙ በሚያወርደው ሜዳ ላይ ተገናኘን። ሕንዳውያኑ መሐንዲሶችና ከመሀል ከተማ የመጡ አስተማሪዎች ነጭ በነጭ ለብሰው ይጫወቱ ነበር። ጨዋታው ለማያውቀው እንዲህ ነው፤ አንዱ ከሃያ እርምጃ ርቀት ላይ ኳስ ይወረውራል፤ ሌላው ባት ይዞ ከኋላው የተተከሉትን ሦስት እንጨቶች ይጠብቃል። ኳሷን ወደ ራቀ ቦታ ከመታት፣ ማዶ ከቆመው ጓደኛው ጋር ቦታ ለመለዋወጥ ይሮጣሉ፤ የሮጡት ይቆጠርላቸዋል። ኳሷ ቀይ ቆዳ የለበሰች፣ ከድንጋይ የማትሻል ናት። ጋሽ ወልዴ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ሁለት ሰዓት ሙሉ ቆሙ። ምሳ ቀረብን። በመጨረሻ ወደኔ ዞረው «ሰዎቹ አንድ ዓይነት እንጨት ነው የያዙት፤ ሁሉም ግን የሚመታው በሌላ ቦታ ነው» አሉኝ። ሙያዬ በዚያች ቃል ተጀመረ ብል ማጋነን አይሆንም።

ከዚያ በኋላ ሚስተር ናይር የሻይ ሰዓታቸውን ከኛ ጋር ማሳለፍ ጀመሩ። የማሽኑን ዱላ አንስተው፣ በሰጋቱራው ላይ ቆመው፣ የታላላቆቹን መቺዎች ምት ያሳዩናል። ስሞቻቸውን ይጠሩ ነበር፤ አሁን ተምታተውብኛልና አልጽፋቸውም። ምቶቹን ግን አልረሳሁም፤ እኛው የአማርኛ ስም አውጥተንላቸው ነበርና።

አንደኛው አጭር ሰው ነበር አሉ፤ ኳሷን በመጣችበት መንገድ ቀጥ አድርጎ ይመልሳታል። ባቱን አይወዘውዝም። የባቱን ፊት ያሳያትና ልክ ስትነካው እጁን ያቆማል። ኳሷ ወርዋሪውን አልፋ ስትሄድ እሱ ገና ቆሞ ያያታል። ይኼን «መልስ» አልነው፤ የታክሲ ረዳት መልስ እንደሚሰጠው ዓይነት፣ ያለ ጣጣ። ሌላው ከደሴት አገር የመጣ ነው፤ ፊቱን ሊመታ የሚመጣውን ኳስ አይሸሽም፤ በአንድ እግሩ ዞሮ ከጆሮው አጠገብ ይጠልፈዋል። እሱ «መንጠቆ» ሆነ። ሦስተኛው ጉልበት የለውም፤ አንጓው ብቻ ነው። ከቀኝ የመጣችውን ኳስ በመጨረሻዋ ቅጽበት አንጓውን ጠምዝዞ ወደ ግራ ይሰዳታል። «ጅራፍ» አልነው።

«የእርስዎስ የትኛው ነው?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

ሚስተር ናይር ዱላውን ዝቅ አድርገው ያዙ። «የኔ መጠበቅ ነው» አሉ። «ኳሷ ትመጣለች። ሁሉ ሰው ምቺ ምቺ ይላል። እኔ ቆይ እላለሁ። ታልፋለች። አለፈች ሲሉ…» ዱላውን በሁለት ጣት እንደያዘ ሰው አንጓቸውን ቀለል አድርገው ወደ ታች አወረዱት። «…ከኋላዋ ትንሽ ነካ። ራሷ ትሮጣለች።»

ያንን ምት በእሑድ ጨዋታ ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ። ኳሷ በእርግጥ አልፋቸው የሄደች ይመስላል። ከዚያ ድምፁ እንኳ ሳይሰማ አቅጣጫዋን ቀይራ በሣሩ ላይ ስትንሸራተት ይታያል። እንዲህ ዓይነት ነገር ለመሥራት ሰው ስንት ጊዜ ተሳስቶ እንደሆነ አስብ ነበር።

ባቱን ጠገንነው። ቀጥሎ የሌሎቹም መጡ። ስንጠግን ስንጠግን የኳሷን ቀይ ምልክት ማንበብ ቻልኩ። «መልስ» የሚወድ ሰው ባቱ ላይ ምልክቱ ዝቅ ብሎ መሀል ለመሀል ይታያል። «መንጠቆ» የሚወድ ሰው ምልክቱ ወደ እጀታው ይወጣል። እንደ ሚስተር ናይር ያለው ደግሞ ፊቱ ንጹሕ ነው፤ ጠርዙ ብቻ ይቀላል። በዚህ መሠረት ከጀርባ ያለውን እብጠት ለአንዱ ወደ ታች፣ ለሌላው ወደ ላይ እናደርጋለን፤ ሥጋው ኳሷ ከምታርፍበት ትይዩ መሆን አለበት። ጋሽ ወልዴ ለማሽኑ ዱላ ያደርጉ የነበረው ይኸው ነው።

አዲስ መሥራት የጀመርነው በወንዙ ምክንያት ነው። አንድ እሑድ ኳሷ ወደ አቃቂ ወንዝ ወረደችና ሚስተር ናይር ሊፈልጓት ሄዱ። ሲቆዩብን ተከተልናቸው። አንድ ዛፍ አቅፈው ቆመዋል።

«ወልዴ! ይሄ ምንድን ነው?»

«አኻያ ነው። ለማገዶ እንኳ እዚህ ግባ የማይባል።»

«ባት ከዚህ ነው የሚሠራው! አገሩ ሁሉ ይሄን ይፈልጋል፣ አንቺ ማገዶ ትያለሽ!»

ትክክለኛው ዘር እንዳልሆነ፣ የእንግሊዙ የተለየ እንደሆነ በኋላ ነገሩኝ። ቢሆንም ቀላል፣ ቶሎ የማይሰበር፣ ሲመቱት ትንሽ እሺ የሚል እንጨት ነው። የመሬቱን ባለቤት አስፈቅደን አንድ ግንድ ቆረጥን። በመጋዝ አይሠነጠቅም፤ በሽብልቅ ነው፤ የእንጨቱ ጭረት በራሱ መንገድ እንዲሄድ። ጫፎቹን በሰም ደፍነን፣ ጋሽ ወልዴ ጠመኔያቸውን አውጥተው ቀኑን ጻፉበት። «ዓመት ከመንፈቅ» አሉ።

ዓመት ከመንፈቅ ጠበቅን። እጀታው ከሌላ ተክል ስለሚሠራ ከተሰበሩ ባቶች እየነቀልን አስቀመጥን። እጀታው ወደ ባቱ የሚገባው እንደ ሹል ምላስ ተቀርጾ ነው፤ ልኩ በጸጉር ከተሳሳተ ኮላ አያድነውም። ፊቱን በእንጨት መዶሻ ለቀናት ቀስ እያልን ቀጠቀጥነው፤ የተልባ ዘይት ሦስት ጊዜ አጠጣነው። የመጀመሪያውን ባት ሚስተር ናይር ጆሯቸው አጠገብ ይዘው በጣታቸው መገጣጠሚያ አንኳኩት። ቆዩ። ደግመው አንኳኩት።

«ጥሩ ነው?» አልኳቸው።

«ሰምተሽዋል አይደል?» አሉኝ። ሌላ ምስጋና አልነበረም።

በሚቀጥሉት ዓመታት ብዙ ሠራን። ጋሽ ወልዴ ጡረታ ወጡና የክፍሉ ቁልፍ ወደኔ መጣ። ጠመኔያቸውን መሳቢያ ውስጥ ትተውልኝ ሄዱ። ትልቁን ጥፋቴን ያጠፋሁት በዚያው ዓመት ነው።

መሐንዲሶቹ ከአስተማሪዎቹ ጋር በዓመት አንድ ጊዜ የሚያደርጉት ትልቅ ጨዋታ ነበር። ሁለት ሳምንት ሲቀረው የሚስተር ናይር ባት ከታች እስከ ላይ ተሰነጠቀ። ሊጠገን አይችልም። መጥተው ባቱን ሞርሳው ላይ አስቀምጠው ቆሙ። እኔ ነኝ «ለጨዋታው ይደርስልዎታል» ያልኩት። አሁን ሳስበው ኃላፊ መሆኔን ለማሳየት ይመስለኛል።

ቀኑ የሞላለት እንጨት አልነበረንም። አምስት ወር ያልሞላው አንድ ጥሩ እንጨት ነበር፤ ጭረቱ ቀጥ ያለ፣ ነጭ። ጫፉ ላይ ጠመኔው በራሴ እጅ ተጽፏል። በእርጥብ ጨርቅ ጠረግኩት። ቦይለር ክፍል ወስጄ ከእንፋሎት ቧንቧው አጠገብ አሥር ቀን አደረቅኩት። ከላይ ደረቀ። ቀረጽኩት፣ እጀታውን ገጠምኩለት፣ ዘይት ቀባሁት። መልኩ ከሠራኋቸው ሁሉ የላቀ ነበር።

በጨዋታው ሚስተር ናይር በባቱ ጥሩ ተጫወቱ። የሚወዱትን ምት ሁለት ጊዜ መቱ። ቆይቶ ሮጠው ቦታ ሲለዋወጡ፣ ጓደኛቸው የያዘው ባት ስላልተመቸው የሳቸውን ሰጡትና እሳቸው የሱን ይዘው ማዶ ቆሙ። ጓደኛው ጉልበተኛ ነው። ሁለተኛዋን ኳስ በሙሉ ኃይሉ ወደ ፊት መታት። እኔ ከሜዳው ዳር ነበርኩ፤ ድምፁን ሰማሁት። የባት ድምፅ አልነበረም። እጀታው በሰውየው እጅ ቀረ፤ እንጨቱ እየተሽከረከረ ቀጥ ብሎ ወደ ሚስተር ናይር ሄደ። ፊታቸውን ለመከላከል ቀኝ እጃቸውን አነሱ።

አንጓቸው ሁለት ቦታ ተሰበረ። ዓይናቸውን ቢያገኘው ኖሮ የሚሆነውን እዚያው የነበርነው ሁሉ አስበነዋል።

የውጭ ዜጋ ስለሆኑና ዕቃው ከፋብሪካው ክፍል የወጣ ስለሆነ አስተዳደሩ ኮሚቴ አቋቋመ። ኮሚቴው የተላቀቀውን መገጣጠሚያ አይቶ ኮላው ነው አለ። የስቶር ሠራተኛው ማሞ ጊዜው ያለፈበት ኮላ አውጥቷል ተብሎ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠው። ማሞ ጓደኛዬ ነበር፤ ምሳችንን ከአንድ ሳህን ነበር የምንበላው። «ኮላው እኮ አዲስ ነው፤ ካርቶኑን ራሴ ነኝ የከፈትኩት» እያለ ለሁሉ ሰው ይናገራል። ለኔም ነገረኝ። እኔ «እውነትህን ነው» እለዋለሁ፤ ምሳዬንም እቀጥላለሁ። ዘጠኝ ቀን እንዲህ ሆነ።

በአሥረኛው ቀን አስተዳደር ገብቼ እንጨቱ እርጥብ እንደነበረ፣ ሲደርቅ ተኮማትሮ መገጣጠሚያውን እንደለቀቀ፣ ይህንንም ከመጀመሪያው እንደማውቅ ተናገርኩ። ድፍረት አልነበረም። በየቀኑ ምሳ ሰዓት ከማሞ ጋር ከአንድ ሳህን መብላት ስላቃተኝ ነው። ማስጠንቀቂያው ከማሞ ማኅደር ወጥቶ ወደኔ ማኅደር ገባ። ማሞን ልነግረው ስቶር ሄድኩ።

ሰማኝ። ካርቶን እየቆጠረ ነበር፤ ቆጠራውን ጨረሰና «ዘጠኝ ቀን ምን ስታደርግ ነበር?» አለኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ምሳውን ብቻውን ይበላ ጀመር። ሰላምታ አልከለከለኝም። ሌላ ክፍል እስኪዛወር ድረስ ከሰላምታ ያለፈ ነገር አልተነጋገርንም።

ሚስተር ናይር ቤት የሄድኩት ከዚያ በኋላ ነው። እጃቸው በጀሶ ታስሯል። የተናዘዝኩትን ቀድመው ሰምተው ነበር፤ እኔም ደገምኩላቸው።

«ኃይሉ» አሉኝ፤ «ስትሰጪኝ አንኳኩቼዋለሁ። ታስታውሺያለሽ?»

«አስታውሳለሁ።»

«እርጥብ ነው። ሰምቼዋለሁ። መጫወት ፈለግሁ።» ጀሶውን ጉልበታቸው ላይ አሳረፉ። «እኔ ለራሴ ነው። ለዚያ ሰውዬ ግን ስሰጠው አልነገርኩትም።»

ይቅርታ አደረግሁልህ አላሉኝም፤ ይቅርታም አልጠየቁኝም። ሻይ አስመጡ፤ በግራ እጃቸው ስኳሩን አማሰሉ። ጀሶው ሲፈታ አንጓው እንደ ቀድሞው አልታዘዘም። ውል ዘመናቸው እስኪያልቅ ስምንት ወር ያህል ቀርቷቸው ነበር፤ እሑድ እሑድ ዳኛ ሆነው ይቆሙ ነበር። ሲሄዱ ፋብሪካው በር ላይ ሁላችንንም ጨበጡን። እኔን በግራ እጃቸው ነው የጨበጡኝ፤ ሌሎቹንም እንደዚያው።

እኔም ባት መሥራት ተውኩ። ከዚያ በኋላ ያለው ረጅም ዘመን አጭር ወሬ ነው። መወርወሪያ የሌላቸው አዳዲስ ማሽኖች መጡ፤ የእንጨት ክፍሉ ከአሥራ ሁለት ሰው ወደ ሦስት፣ ከሦስት ወደ አንድ ወረደ። አንዱ እኔ ነበርኩ። በመጨረሻ እሱም ሲዘጋ ቂሊንጦ ከሚገኝ አንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ በጥገና አናጢነት ተቀጠርኩ። ሥራው ፓሌት የሚባለውን የዕቃ መጫኛ የእንጨት ርብራብ መጠገን ነው። ፓሌት ሙያ አይጠይቅም፤ ሚስማር ይጠይቃል። አላማርርም፤ ሰርቪስ ነበረው።

እዚያም ክሪኬት አገኘሁ። የስፌት ተቆጣጣሪዎቹ ከሕንድና ከስሪላንካ የመጡ ናቸው፤ በምሳ ሰዓት በፕላስተር የተጠቀለለች የቴኒስ ኳስ በፓሌት ጣውላ ይመታሉ። የገረመኝ ሴቶቹ ናቸው። አገጣጣሚዎቹ ልጆች በመጀመሪያ ኳስ አቀባይ ነበሩ፤ ትንሽ ቆይቶ የራሳቸውን ቡድን አቋቋሙ። መሪያቸው ጫልቱ ትባላለች፤ ኪስ በሚሰፋበት መስመር ላይ የምትሠራ፣ አባቷ በፊት እዚያው አካባቢ ገበሬ የነበሩ፣ ሃያዎቹ ውስጥ ያለች ልጅ ናት። ምቶቹን የተማረችው ከስልክ ነው። የአሁኖቹ ታዋቂዎች ሌላ ነገር ይሠራሉ። አንዱ እግሩ ሥር የወደቀችውን ኳስ ከመታ በኋላ ባቱን በራሱ ላይ እንደ ሄሊኮፕተር ያዞረዋል። ሌላው ይንበረከክና ኳሷን ከአፈር ጨልፎ በገዛ ራሱ አናት ላይ ወደ ኋላ ይወረውራታል፤ ልጆቹ «ጭልፋ» ይሉታል። ጫልቱ የምትወደው ግን አንድ ጉልበቷን አንበርክካ ኳሷን ከመሬት ጋር ጠርጋ የምትሰድበትን ነው። «ማጭድ» ብላ ሰይማዋለች።

አንድ ቀን ፓሌት ስጠግን መጣች።

«ጋሽ ኃይሉ፣ እርስዎ ባት ይሠራሉ አሉ።»

«ማን አለ?»

«አቃቂ የሠራ ሰው ሁሉ ይላል።»

«እሠራ ነበር። ትቼዋለሁ።»

«ለምን?»

«ሰው ተጎዳብኝ።»

ትንሽ አሰበች። «ሞተ?»

«አልሞተም።»

«እንግዲያው ይሠሩልናል» አለች፤ ደወል ተደውሎ ነበርና ሮጣ ሄደች።

በማግስቱም መጣች። በሳምንቱም መጣች። በመጨረሻ ስለ ሚስተር ናይርም ስለ ማሞም ነገርኳት። ሌላ ሰው እንዲህ አድርጎ አልጠየቀኝም ነበር። ከሰማች በኋላ «ስለዚህ የቸኮሉት ነው እንጂ የሠሩት አይደለም ጥፋቱ» አለች። እንዲህ ቀላል እንዳልሆነ ልነግራት ፈልጌ ተውኩት።

አቃቂ ወንዝ ዳር እንደ ድሮው አኻያ የለም። አባቷ የሚያውቁት ቦታ ወሰዱን፤ ከድልድዩ ብዙ ርቆ። ከመሬቱ ሰው ፈቃድ ጠይቀን አንድ ቆረጥን። ቤቴ ወስጄ በሽብልቅ ሰነጠቅኩት፤ ጫፉን በሰም ደፈንኩት፤ ቀኑን ጻፍኩበት። ጡረታ ልወጣ ሃያ ወር ይቀረኝ ነበር። «ዓመት ከመንፈቅ» አልኳት።

«ለአንድ እንጨት? እኔ ራሴ እስከዚያ እዚህ መኖሬን በምን አውቃለሁ?»

«እንጨቱ ስላንቺ አያውቅም።»

በስምንተኛው ወር ከተቆጣጣሪዎቹ ጋር ጨዋታ ያዙ። ሁሉም ፋብሪካ ሊያየው ነው። ጫልቱ ሦስት ጓደኞቿን አስከትላ ቤቴ ድረስ መጣች። ባለቤቴ ሻይ አቀረበችላቸው። ልጅቷ ዓይኗን ከእንጨቱ ላይ አላነሳችም።

«ደርቋል እኮ ጋሼ። ይንኩት፣ ደረቅ ነው።»

«ከላይ ነው የደረቀው።»

«እነሱ እውነተኛ ባት አስመጥተዋል። እኛ ጣውላ ይዘን እንግባ?»

«ግቡ።»

«ሰው ይስቅብናል!»

«ይሳቅ።»

በጣውላ ገቡ፤ በሰፊ ልዩነት ተሸነፉ፤ ሰውም ሳቀባቸው። በማግስቱ በፓሌቱ ቦታ ስታልፍ ቆም ብላ «በእርስዎ ምክንያት ነው የተሸነፍነው» አለችኝ። «አዎ» አልኳት። ከዚያ በኋላ ለአምስት ወር አላናገረችኝም። እኔ በየሳምንቱ እንጨቱን አገላብጥ ነበር።

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ፣ ቀኑ ሞልቶ አልፎ፣ ቀረጽኩት። እጄ ሥራውን ረስቶት ስለነበር እጀታው የሚገባበትን ብቻ ለመቅረጽ አራት ቀን ፈጀሁ። ሥጋውን ከታች በኩል አበዛሁለት፤ ማጭድ የምትመታ ልጅ ኳሷን የምታገኘው እዚያ ነው። ሲያልቅ ለሁለት ሳምንት ከግቢያችን ግንብ ጋር አስደግፌ በአሮጌ ኳስ ደበደብኩት፤ ጎረቤት ምን ነካው እስኪል። መገጣጠሚያው ጸጉር አላስገባም። ከዚያ ደወልኩላት። «እሑድ ጨዋታ አለን፤ ይምጡ» አለችኝ።

ሄድኩ። ከኮንዶሚኒየሞቹ ጀርባ ያለ አቧራማ ሜዳ ነው። ተቆጣጣሪዎቹ ነበሩ ተጋጣሚዎቹ። ጫልቱ ባቱን ተቀብላ ክብደቱን በእጇ መዘነችው፤ ገባች። በአራተኛዋ ኳስ ወጣች። ማጭዷን ሞክራ ስታ፣ ኳሷ እንጨቶቹን ጣለቻቸው። ከሜዳው ስትወጣ ፊቷን እያየሁ ባቱን ትወረውረው ይሆን ብዬ ሰጋሁ። ለሚቀጥለዋ ልጅ በሁለት እጇ አቀበለቻት። ያቺም ለሚቀጥለዋ። ከሰዓቱን ሙሉ አሥራ አንድ ሴቶች ተቀባበሉት፤ አንዳንዷ በጉልበት፣ አንዳንዷ ዓይኗን ጨፍና መታችበት። እኔ በእያንዳንዷ ምት ትንፋሼን እይዝ ነበር። በስድስት ነጥብ ተሸነፉ። በዚህ ጊዜ የሳቀ ሰው አልነበረም። ባቱም ምንም አልሆነም።

ተጫዋቾቹ ውኃ እየጠጡ ሳለ ጫልቱ ባቱን ይዛ መጣች።

«ይግቡ» አለችኝ።

«የት?»

«እዚያ ይቁሙ። አንድ ኳስ ይምቱ።»

በሕይወቴ አንድም ቀን ኳስ መትቼ እንደማላውቅ ነገርኳት። ያመነኝ የለም። ሴቶቹም ተቆጣጣሪዎቹም በአንድ ድምፅ «ጋሼ! ጋሼ!» ይሉ ጀመር፤ ተከትላኝ የመጣችው ባለቤቴ ሳትቀር። ጋቢዬን አስቀምጬ ገባሁ። ጫልቱ ኳሷን ይዛ ማዶ ቆመች። ስለ መቺዎች የማውቀው ሁሉ በራሴ ውስጥ ነበር፤ እግር የት እንደሚሆን፣ አንጓ መቼ እንደሚዞር። ኳሷን በዝግታ ወረወረችልኝ። አለፈችኝ።

«ይደገም!» አለ ሕዝቡ።

በሁለተኛዋ ምንም አላሰብኩም። ዱላ እንደሚያነሳ ሰው አንስቼ ነካኋት። ድምፁ በክንዴ እስከ ትከሻዬ ድረስ መጣ። ኳሷ እየነጠረች ወደ ግራ ሄደች፤ ሩቅ አልሄደችም። እኔ ቆሜ አያታለሁ።

«ይኼ ምት ምን ይባላል?» ብዬ ጮህኩላት።

«ስም የለውም ጋሼ!» አለች ጫልቱ። «ይሩጡ እንጂ!»

ሮጥኩ።